ማኅበርና በአካል መገኘት

በ1905 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተመሠረተው ሮታሪ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ለበጎ አድራጎት የሚሰባሰቡበት ክበብ፣ አባላቱ በየሳምንቱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ መገናኘታቸውን የሕልውናው መሠረት አድርጎ ስለኖረ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ስብሰባዎቹን፣ በሆኖሉሉ ሊካሄድ የነበረውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጭምር፣ ወደ በይነ መረብ ሲያዛውር፣ የማኅበር አንድነት የሚጸናው በምንድን ነው የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ እንደገና ተነሣ።

አርስቶትል በኒኮማካዊ ሥነ ምግባር መጽሐፉ ርቀት የሚያቋርጠው የወዳጅነትን ተግባር እንጂ ወዳጅነትን ራሱን እንዳልሆነ ያስረዳል፤ መለያየቱ ሲረዝም ግን ወዳጅነቱም ሊረሳ እንደሚችል ይጨምራል። ይህ በልብ በጸና ዝንባሌና በሥራ በሚገለጥ ድርጊት መካከል ያለው ልዩነት ጉዳዩን በሚገባ ያብራራል፤ ምክንያቱም የበይነ መረብ ስብሰባ ዝንባሌውን ይጠብቃል፣ መዋጮ ያሰባስባል፣ ከቤት መውጣት ያቃተውን አባልም ወደ ጉባኤው ይመልሳል፤ ይህም ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን ኢንተርኔት የሌለውን ያስቀራል፤ ከሐዘንተኛ አጠገብ መቀመጥንም አይተካም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለባት ኢትዮጵያ፣ እድርተኞች፣ ማለትም በቀብርና በሐዘን የሚረዳዱ ጎረቤታሞች፣ ይህን ጉድለት ጠንቅቀው ያውቁታል።

በመሆኑም ክበቦች የበይነ መረቡን ስብሰባ ለሩቁና ለሕመምተኛው አባል ማቆየታቸው ተገቢ ሲሆን፣ ችግረኛውን ለመጎብኘት ግን በእግራቸው ሊሄዱ ይገባል።