ከነአፈሩ የሚሸጥ ሣር

ምንጣፍ ሣር ከበቀለበት መሬት ከነሥሩና ከስስ የአፈር ሽፋን ጋር ተልጦ፣ ተጠቅልሎ ወይም በቁራጭ ተደርድሮ ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድና እዚያ የሚነጠፍ ሣር ነው። ዘር ተዘርቶ ወራት ከሚጠበቅለት ሣር የሚለየው፣ ጠዋት አቧራ የነበረው ግቢ ማታ አረንጓዴ ሆኖ መገኘቱ ነው። ዋጋው በካሬ ሜትር ይሰላል። በዚያ ካሬ ሜትር ውስጥ ምን እንደተቆጠረና ምን ሳይቆጠር እንደቀረ መመርመር ግን የሒሳብ ሥራ ብቻ አይደለም። ሣርንም አፈርንም ሰው አልሠራቸውም። ሻጩ በምን መብት ይሸጣል? ገዢውስ የሚከፍለው ለማን ነው?

የሚቆጠረው ነገር ግልጽ ነው። መሬቱ በዶማ ይቆፈራል፣ ድንጋዩና የአረሙ ሥር ይለቀማል፣ የበሰበሰ ፍግ ይጨመራል፣ ውሃ እንዳይቋጥር ተዳፋቱ እየታየ ይደለደላል። የተላጠው ሣር ተጠቅልሎ ከሰነበተ ውስጡ ይግልና ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መነጠፍ አለበት። አነጣጠፉ እንደ ብሎኬት ግንብ ነው፤ የአንዱ ረድፍ መገጣጠሚያ ከሚቀጥለው ረድፍ መገጣጠሚያ ጋር አይገጥምም። ወዲያው ውሃ ይጠጣል፤ ሥሩ አዲሱን አፈር እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይደርቅ ይጠበቃል። መያዙ የሚታወቀው ጠርዙን በጣት ቆንጥጦ ሳብ በማድረግ ነው። እንቢ ካለ ይዟል። የቁፋሮው፣ የፍጉ፣ የመኪናው፣ የውሃውና የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ተደምሮ ዋጋው ይወጣል።

ከዚህ ድምር ውስጥ ለሣሩ ለራሱ የተመደበ የለም ማለት ይቻላል። ገዢው በዋናነት የሚገዛው ጊዜ ነው፤ ሣር በራሱ ፍጥነት ቢያድግ የሚወስዳቸውን ወራት። ጊዜ ይሸጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ የቆየ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረው የኦክሴሩ ዊልያም አራጣን ከነቀፈበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር፦ አራጣ አበዳሪ የሚሸጠው ጊዜን ነው፣ ጊዜ ግን ለፍጥረት ሁሉ በጋራ የተሰጠ ነው የሚል። ይህ ክርክር ምንጣፍ ሣርን ሙሉ በሙሉ አይነካውም። ሣሩን ዘርቶ፣ አርሞና አጠጥቶ ያሳደገ ሰው የሚሸጠው ራሱ የጠበቀውን ጊዜ ነው፤ ከማንም አልወሰደም። ሣሩ ከወል መስክ ተልጦ ከመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጠበቀው መስኩ ነው፤ ሻጩ አንድም ቀን አልጠበቀም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመንግሥት አስተዳደር ድርሳኑ የግል ንብረት ከየት እንደሚመነጭ ሲያስረዳ፣ ከሰጣቸው ምሳሌዎች ሁለቱ የሚገርም ቅርበት አላቸው፦ በወል መሬት ላይ ፈረስ የጋጠው ሣርና አሽከር የቆረጠው ከነአፈሩ የሆነ ሣር። ሰው ድካሙን የቀላቀለበት ነገር ያለማንም ፈቃድ የራሱ ይሆናል ይላል። ግን በዚያው ክፍል አንድ ገደብ ያስቀምጣል፤ ለሌሎችም በቂና የማይከፋ ነገር መትረፍ አለበት። የሎክን ሐሳብ የሚጠቅሱ ብዙዎች ገደቡን ይዘነጉታል፤ የነገሩ ክብደት ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ምሳሌው ራሱም አንድ ቀዳዳ አለው። ባለቤት የሚሆነው ጌታው ነው፣ የቆረጠው ግን አሽከሩ ነው። ዛሬም ቢሆን በዶማ ጎንበስ ብሎ የዋለው ሰው ከካሬ ሜትሩ ዋጋ የሚደርሰው የቀን አበሉ ብቻ ነው።

ለሌሎችም በቂ ይተርፋል ወይ የሚለው ጥያቄ እንደ ቆሰበር ባለ አገር ሲነሣ በወረቀት ላይ አይቀርም። ቆሰበር፣ በዛሬው ስሟ እንጅባራ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዝናብ የማይነፍጋት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበርባታል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን ሰዎችና ፈረሶች ያስባል። ሽልማቱ፣ ቀረርቶውና ጉግሡ ለዓይን ይማርካሉ፤ የበዓሉ ሁሉ መሠረት ግን ሣር ነው። ፈረስ ያለ መስክ አይኖርም፤ መስኩ ሲጠብ ፈረሱ ያንሳል፣ ፈረሱ ሲያንስ ማኅበሩ ይመነምናል። ብዙ በማይርቀው ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል በሚተክሉት ዲከረንስ በተባለው ዛፍ መካከል በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ይዘራሉ፤ ዛፉ ከፍ ሲል ደግሞ በሥሩ የሚበቅለውን ሣር አጭደው ለከብት ያውላሉ። በዚህ ምድር ሣር ከጌጥነቱ በፊት መኖ ነው። በከተማ ግቢ የሚነጠፍ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሣር ከወል መስክ የመጣ ከሆነ፣ ከአንድ እንስሳ አፍ የወጣ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ችግሩን በራሱ መንገድ ያሳያል። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት አድርጎ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባውና ላሻሻለው ነገር ግን ሙሉ መብት ይሰጣል። ምንጣፍ ሣር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ሣሩ የልፋት ፍሬ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ጨብጦ ይዞት የሚሄደው አፈር ግን መሬት ነው። ውፍረቱ 2 ሣንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ለ100 ካሬ ሜትር ግቢ 2 ሜትር ኩብ አፈር ይጓዛል። ይህን ያህል አፈር በተፈጥሮ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃም። መሬት አይሸጥም በሚባልበት አገር መሬት በስሱ እየተላጠ በመኪና ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው።

የሃይማኖት አስተምህሮ ከሕጉ ቀድሞ ስለዚህ ተናግሯል። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ሣር የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፤ ሰው ደግሞ ዓርብ። ዘፍጥረት ለምለሙን ቡቃያ ለአራዊትና ለወፎች ምግብ አድርጎ ይሰጣል፤ ሰው የመጣው ተዘርግቶ በቆየው ምንጣፍ ላይ ነው። በእስልምናም ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት የጋራ ድርሻ እንዳላቸው የሚያስተምር የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ አለ። የሕግ ሊቃውንቱ ይህን ሲያብራሩ በራሱ የበቀለ ሣር ቆሞ ሳለ አይሸጥም፣ አጭዶ የሰበሰበው ሰው ግን የሰበሰበውን ሊሸጥ ይችላል የሚሉ አሉ። ለያይተው ያዩበት መንገድ የሚደነቅ ነው፤ ድካሙን ከስጦታው ነጥለውታል።

አፈር ተጭኖ ስለሄደበት ጉዞ የሚናገረው ዋናው ታሪክ ግን የንዕማን ነው። የሶርያው የጦር አለቃ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ሲነጻ ለነቢዩ ኤልሳዕ ገጸ በረከት አቀረበ፤ ኤልሳዕ አልቀበልም አለ። ያን ጊዜ ንዕማን የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር እንዲሰጠው ለመነ፤ ከዚያ ወዲያ ለእስራኤል አምላክ ብቻ ሊሠዋ ወስኖ ነበርና። የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ የንዕማን ለምጽም በእርሱ ላይ ተጣበቀ። በታሪኩ ለአፈሩ ዋጋ ሲጠራ አይሰማም። አፈሩ የተፈለገው ለአምልኮ ነበር፤ ብሩ የተፈለገው ለኪስ። በየቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ግንባራቸውንና የታመመ አካላቸውን የሚቀቡት፣ እምነት የሚባለው የተባረከ አፈርም በነጻ የሚሰጥ ነው፤ በእፍኝ ተቋጥሮ ሩቅ አገር ይሄዳል።

ከዚህ ተነሥቶ ክፍያ ሁሉ ነውር ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ንጉሥ ዳዊት ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውን በነጻ ሲሰጠው አልተቀበለም፤ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ ስላልወደደ 50 ሰቅል ብር ከፍሎ አውድማውንና በሬዎቹን ገዛ። እዚህ ላይ ዋጋ መክፈል አክብሮት ነው። ኦርና ያጣው ነገር ስለነበር ተከፈለው። ፍትሐዊ ዋጋ የሚለካው በዚሁ ነው፤ ማን ምን አጣ፣ ለእርሱስ ደረሰ ወይ? ቄጠማ ሻጯ በበዓል ዋዜማ እስር አንጥፋ ስትሸጥ ማንም አይከስርም፤ ያጨደችው ከላይ ነው፣ ሥሩ ከረግረጉ ቀርቷል፣ ለመጪው በዓልም ይደርሳል። ሣር ላጩ ግን ሥሩንም መሬቱንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ከካሬ ሜትሩ ዋጋ የሚጎድለው የተላጠው ቦታ ድርሻ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት የሚነቅፈው የራስን ብቻ ማየትን ነው፤ ሰርዶ በተረቱ የተመረጠው ለምን እንደሆነ ገበሬ አይጠይቅም። ሰርዶ ቁራጩ ከቀረ ይነሣል፤ በምድር ላይም በምድር ውስጥም እየተሳበ ባዶውን ይሞላል። በዓለም ዙሪያ ለመስክና ለኳስ ሜዳ ከሚነጠፉት ሣሮች አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው። ጠንቃቃ ሣር አምራች መስኩን ሁሉ አይልጥም፤ በተላጠው መካከል ስስ መስመር እየተወ ይሄዳል፣ ከዚያ መስመር ሣሩ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ የጎደለው አፈርም በፍግና በተብላላ ቅጠል ይካካሳል። የአዊ ክረምት ለዚህ ይመቻል። ቦታው ግን እስኪያገግም ከፈረስና ከከብት መከለል አለበት፤ በዚያ ክረምት ሌላ መኖ የሚገዛው ባለ ፈረስ ነው። አጥሩ፣ ፍጉና የዚያ ክረምት መኖ ከቁፋሮውና ከመኪናው ሒሳብ ጎን በአንድ ደረሰኝ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ወጪዎች ናቸው።