ስምና ሥራ በባዮፊዚክስ ታሪክ

ከባዮፊዚክስ ሊቃውንት መካከል የነማን ስም በታላቅነት ሊመዘገብ ይገባል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሽልማት የተቀበለ፣ ሕግ ወይም መሣሪያ በስሙ የተጠራለት፣ በመማሪያ መጻሕፍት የተወሳ ሰው ታላቅ ነው ይባላል። ይህ አመዳደብ ለመዝገብ ጸሐፊው ይመቻል፤ ድካም አይጠይቅም። ነገር ግን የሚመዘገበው ሥራው ነው ወይስ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የተሰጠው ክብር? ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ የታወቀበትን ታሪክ ጠለቅ ብሎ መመልከት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1952፣ ለንደን በሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ የባዮፊዚክስ ምርምር ክፍል፣ አንድ ቀጭን የዲ.ኤን.ኤ. ክር ከ60 ሰዓት በላይ በኤክስሬይ ጨረር ሥር ቆይቶ አንድ ፎቶግራፍ ተገኘ። በመካከሉ መስቀል የሠሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ ይህም ሞለኪዩሉ ጥምዝ ለመሆኑ ምልክት ነው። በኋላ “ፎቶግራፍ 51” በመባል የታወቀው ይህ ምስል የማን ነው? ያነሣው የዶክትሬት ተማሪው ሬይመንድ ጎስሊንግ ነው። ክሩ በደረቀና በራሰ ጊዜ ሁለት የተለያዩ መልኮች እንዳሉት የለየችና ሥራውን የመራች ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ነች። ንጹሑን ዲ.ኤን.ኤ. ከጥጃ ዕጢ አውጥቶ፣ በ1950 ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ ለሙያ ባልደረቦቹ ያደለ የበርኑ ኬሚስት ሩዶልፍ ሲግነር ነው። ከዚያ ተቀብሎ ወደ ቤተ ሙከራው ያመጣው ደግሞ ሞሪስ ዊልኪንስ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሸክሙ የጋራ ከሆነ ጌጡ በምን ሕግ የጥቂቶች ይሆናል?

ፎቶግራፉ በ1953 መጀመሪያ ላይ ፍራንክሊን ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን ታየ። የክፍሉን የምርምር ውጤት የያዘ ሪፖርትም ካምብሪጅ ደርሶ በፍራንሲስ ክሪክ እጅ ገባ። ኤፕሪል 25 ቀን 1953 “ኔቸር” መጽሔት ሦስት ጽሑፎችን አከታትሎ አወጣ፤ በመጀመሪያ የዋትሰንና የክሪክን፣ ቀጥሎ የዊልኪንስንና የባልደረቦቹን፣ በመጨረሻ የፍራንክሊንንና የጎስሊንግን። በዚህ ቅደም ተከተል የተነሣ የፍራንክሊን ሥራ የሌሎችን ሐሳብ ለማጽናት በኋላ የመጣ ማስረጃ መሰለ። በእውነቱ ግን ማስረጃው ከሞዴሉ ቀድሞ ነበር። በ1962 ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ እርሷ በ37 ዓመቷ ከሞተች አራት ዓመት አልፎ ነበር። በሕይወት ሳለችም ለሽልማቱ ያጫት አልተገኘም።

ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን በዳይና ተበዳይ ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ብዙዎችም እንዲሁ ዘግተውታል። በደሉ እውነት ነው። ሆኖም ፍርዱን የሚያወሳስብ ሌላ ፎቶግራፍ አለ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1951፣ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የዊልያም አስትበሪ ረዳት የነበረው ኤልዊን ቤይተን ያንኑ መስቀል የሚያሳይ ምስል አንሥቶ ነበር። አስትበሪ አላሳተመውም። በዚያው ቤተ ሙከራ ፍሎረንስ ቤል በ1930ዎቹ ዓመታት የዲ.ኤን.ኤ.ን የኤክስሬይ ምስል አንሥታ፣ በ1938 ከአስትበሪ ጋር ውጤቱን አሳትማ ነበር። እንግዲህ ምስሉን ማግኘት ብቻውን ግኝት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሊድስ ላይ ባለቀ ነበር። የፍራንክሊን ብልጫ ምስሉን በማግኘት ብቻ ሳይወሰን በመለካት፣ በማስላትና ከሚታየው በላይ ላለመናገር በመጠንቀቅ ጭምር ነው። የክሪክ ብልጫ ደግሞ ከሪፖርቱ ቁጥሮች ሁለቱ ሰንሰለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ መገንዘቡ ነው። ዋትሰንም የመሠረቶቹን አጣማመር አስተውሏል። ይህን መካድ አንዱን በደል በሌላ በደል መካስ ይሆናል።

አንዳንዶች “ያለ እርሱ ግኝቱ የማይገኝ ሰው ታላቅ ነው” የሚል ሚዛን ያቀርባሉ። ሚዛኑ ጥሩ ይመስላል፤ ግን አይጸናም። ያለ ሲግነር ዲ.ኤን.ኤ. ያ ፎቶግራፍ ባልተገኘ ነበር፤ ሲግነርን ግን በዚህ ታሪክ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በሌላ ወገን ዋትሰንና ክሪክ ባይኖሩ ቅርጹ ትንሽ ዘግይቶ በሌላ ሰው እጅ መገለጡ አይቀርም ነበር። በዚህ ሚዛን ታዋቂዎቹ ይቀልላሉ፤ የተረሱት ይከብዳሉ። የክፍሉ ኃላፊ ጆን ራንዳልስ በየትኛው ወገን ይመዘን? ፊዚክስንና ሥነ ሕይወትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ እርሱ ነው። የኤክስሬዩን ሥራ ለፍራንክሊንና ለጎስሊንግ መስጠቱን በደብዳቤ ለእርሷ ገልጾ ዊልኪንስ ሳያውቀው የቀረውም በእርሱ ነው። ሁለቱን ተመራማሪዎች ያቃቃረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ስለዚህ “ታላቁ ማን ነው” ከማለት ይልቅ “ማን ምን ሠራ” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መዝገቡ ይረዝማል፤ ይርዘም። በቴአትር ቤት የመብራት ባለሙያውና የልብስ አዘጋጁ ስም ከተዋንያኑ ጋር ይታተማል፤ ይህም የመሪ ተዋናዩን ክብር ሲቀንስ አልታየም። ወጣት ተማሪ ሦስት ስም ብቻ ያለበትን ዝርዝር ሲያነብ ሳይንስ የሦስት አእምሮዎች ብልጭታ ይመስለዋል፤ የራሱን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራም ይንቃል። ጉዳቱ ከሙታን ይልቅ በእርሱ ላይ ይብሳል።

ፍራንክሊን ራሷ ዛሬ የምትታወሰው በአብዛኛው ባልተሰጣት ነገር ነው። ይህም አንድ ዓይነት መርሳት ነው። ኪንግስ ኮሌጅን ከለቀቀች በኋላ በበርክቤክ ኮሌጅ የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ አሠራር ስትመረምር ኖራለች። በዚያ አብሯት የሠራው አሮን ክሉግ በ1982 የኬሚስትሪን ኖቤል ተቀብሏል። ለንደን በሚገኘው መቃብሯ ላይ የተጻፈው ቃል በቫይረሶች ላይ ያደረገችውን ምርምር ያነሣል፤ ስለ ዲ.ኤን.ኤ. አንድም ነገር አይልም።