ቀሚሱና የሰፊዋ እጅ

ቤት፣ መሬትና ስም በሕግ ይወረሳሉ፤ ያለፈ ዘመን ውበት ግን የሚወረሰው በመውደድ ነው። ማንም ሳያስገድደው ሰው ከአባቶቹ ወይም ከባዕዳን ዘመን ዓይኑን የማረከውን መርጦ ይወስዳል። ታዲያ አንድ ሰው የአንድን ዘመን ውበት ወድዶ ሲወስድ፣ ውበቱ የተሠራበትን መከራም አብሮ የመቀበል ግዴታ አለበትን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መርፌና ክር የያዘች ሴትም ልትሸሸው አትችልም።

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በምትገኘው በጋልቨስተን ከተማ፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በእንግሊዛዊው ደራሲ በቻርልስ ዲከንስ ስም የተሰየመ የጎዳና በዓል ይከበራል። በዓሉ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችበትን ዘመን መልሶ የሚያሳይ ነው። በዚያ ዘመን ልብስ አጊጦ ለመጣ ሰው የመግቢያው ዋጋ ይቀነስለታል። ስለዚህም ብዙ ሴቶች በዓሉ ሳይደርስ አስቀድመው መቀስና ልኬት ይዘው ይቀመጣሉ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው ቀሚስ ከመሰፋቱ በፊት ከሥሩ የሚለበሰው መዘጋጀት አለበት፤ ልኬቱ የሚወሰደው በእርሱ ላይ ነውና። መጀመሪያ ስስ የውስጥ ሸሚዝ፣ ቀጥሎ ወገብን ጠፍሮ የሚይዘው ኮርሴት፣ ከዚያም ቀሚሱን እንደ ደወል የሚነፋው፣ በብረት ቀለበቶች የተሠራው ክሪኖሊን፣ በላዩም የውስጥ ጉርድ ይደረባል። ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጀው ሽንሽን ጉርድና ገበር ያለው ጥብቅ የደረት ክፍል የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የታችኛውን ጠርዝ በእጅ መቀምቀም ብቻውን ምሽቶችን ይወስዳል።

ይህን ድካም በክፉ ዓይን ለማየት የሚቸኩል ሰው ይሳሳታል። ልብሷን በገዛ እጇ የምትሰፋ ሴት፣ ዛሬ ተገዝቶ ነገ ከሚጣለው ልብስ ይልቅ የሚቆየውን መርጣለች። በቪክቶሪያ ዘመን የተፈጸመውን በደል እርሷ አልፈጸመችም፤ ባልተወለደችበት ዘመን በተሠራ ኃጢአት ሰውን መክሰስም ፍርድ አይሆንም። ጨዋታ ጨዋታ ነው የሚሉት ወገኖች እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው።

ይሁን እንጂ ጨዋታውም ምርጫ አለበት። በበዓሉ ጎዳና ላይ ከሚታዩት መካከል እመቤት መስላ የመጣችው ትበዛለች፤ እመቤቲቱን ያለበሰችው ልብስ ሰፊ ግን እምብዛም አትታይም። በጁን 1863 የለንደን ጋዜጦች ሜሪ አን ዎክሊ ስለተባለች የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ ጽፈው ነበር። ይህች ወጣት ከሌሎች ሴቶች ጋር በጠባብ ክፍል ውስጥ ታጭቃ፣ ከ26 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ከሰፋች በኋላ ታምማ ሞተች። የሚሰፋው ልብስ ለአዲሲቱ የዌልስ ልዕልት ክብር በተዘጋጀ የዳንስ ግብዣ ላይ እመቤቶች የሚያጌጡበት ነበር። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥ ይህንኑ ታሪክ አስፍሮታል።

ጨርቁም የራሱ ታሪክ አለው። እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ድረስ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይፈትሉት የነበረው አብዛኛው ጥጥ ባሪያዎች የለቀሙት የአሜሪካ ጥጥ ነው። ጋልቨስተን ራሷ የጥጥ ወደብ ነበረች። ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር በቴክሳስ የሚገኙ ባሪያዎች ሁሉ ነፃ መሆናቸውን ጁን 19 ቀን 1865 ያወጀውም በዚህችው ከተማ ነው፤ ዕለቱ ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። እንግዲህ አንዲት ከተማ ስለ አንድ ዘመን ሁለት በዓል ታከብራለች ማለት ነው። አንደኛው የዘመኑን ጌጥ፣ ሁለተኛው የዘመኑን ሰንሰለት ያስታውሳል። ጥያቄው በሁለተኛው በዓል የሚታሰበው በአንደኛው ለምን ይረሳል የሚል ነው።

የአማርኛ አንባቢ በዚህ ሙግት ውስጥ ከዳር ቆሞ ተመልካች ሊሆን አይችልም፤ በአንድ በኩል አበዳሪ፣ በሌላ በኩል ተበዳሪ ነውና። የእንግሊዝ ጦር በ1868 (በ1860 ዓ.ም.) ከመቅደላ ከወሰደው ንብረት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ የሚታመን፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል። እቴጌዪቱ በዚያው ዓመት ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ቀሚሱ ግን በንግሥት ቪክቶሪያና በባለቤቷ ስም በሚጠራው የለንደን ሙዚየም ገባ። የቪክቶሪያን ዘመን ልብስ የሚወድ ሰው፣ ያ ዘመን ባለቤቷን ያጣች ቀሚስም እንዳተረፈ ማወቅ ይገባዋል።

ተበዳሪነቱስ? በበዓል ቀን ጥበብ ቀሚስ ለብሶ የሚወጣው ኢትዮጵያዊ፣ ጥበቡን የሸመነው ሰው አባቶች እንዴት ይታዩ እንደነበር ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይሆንለትም። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው በሥራቸው ይናቁ ነበር፤ ሸማው ከጌታው ትከሻ ላይ ሲከበር፣ የሸመነው እጅ ከማዕድ ይገለል ነበር። ስለዚህ የጋልቨስተኗን ሴት የሚከስ ሰው በራሱ ቁም ሣጥን ፊትም መቆም አለበት። ሆኖም ጥበብ ቀሚሱን አውልቆ ይጣል የሚል አይኖርም። ድካምና ግፍ የነካው ውበት ሁሉ ይወገድ ከተባለ ለሰው ልጅ የሚቀርለት ጥቂት ነው፤ በማስወገዱም የሠሪው እጅ ሌላ ጊዜ ይረሳል።

መውጫው ከወደ ናሚቢያ ሊታይ ይችላል። የሄሬሮ ሴቶች በጀርመን ሚስዮናውያን ሚስቶች አማካይነት የመጣውን ሰፊና ረጅም ቀሚስ የራሳቸው አድርገውታል፤ በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ሻሽ ግን የከብት ቀንድ ቅርጽ አለው፤ ከብት የሕዝቡ ሀብትና ክብር ነውና። ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ጦር ይህንኑ ሕዝብ ፈጀው፤ የጀርመን መንግሥትም በ2021 ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብሎ ጠርቶታል። ሴቶቹ ቀሚሱን አልጣሉትም። በየዓመቱ በኦገስት ወር በኦካሃንጃ አለቆቻቸውን ለማሰብ ሲወጡ እርሱኑ ለብሰው ይሰለፋሉ። ከገዢው ወገን የመጣ ልብስ የሙታን መታሰቢያ ሆነ ማለት ነው። ጨርቁና ስፌቱ ያው ሆኖ ሳለ ትርጉሙን የለወጠው የለባሾቹ ትዝታ ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ያለፈ ዘመንም እንደ ጨርቅ ነው፤ አያያዙ ይወስነዋል። የዘመኑን ጌጥ ብቻ ቀድዶ የሚወስድ ሰው ቀሪውን ያበላሻል፤ በደሉን ብቻ የሚይዝም ሠሪዎቹ የነበራቸውን ጥበብ ይክዳቸዋል። በዚህ ረገድ በእጇ የምትሰፋው ሴት ከማንም የተሻለ ዕድል አላት። ዘመኑን የምታውቀው በጣቷ ነው፤ ጠርዙን ስትቀመቅም ዓይኗ ሲደክም፣ ጀርባዋ ሲያማት፣ የሌሊቱ እኩሌታ ሲያልፍ መርፌውን አስቀምጣ መተኛት ትችላለች። ሜሪ አን ዎክሊ ግን ይህ አልተፈቀደላትም። የሁለቱን ሴቶች ልዩነት ያስተዋለች ሰፊ ቀሚሷን በጸጸት መልበስ አያስፈልጋትም፤ ዕዳ እንዳለባት ማወቅ ግን ይገባታል።

ዕዳው ለሙታን ብቻ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ በመታሰቢያ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በኤፕሪል 2013 በባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ለሩቅ አገር ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ አደጋ አንድ ቀን በፊት በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታይቶ ሳለ ሠራተኞቹ በማግሥቱ እንዲገቡ ተደርገዋል። ሌሊቱን ሙሉ በሰፋችው ቀሚስ ኮርታ ወደ በዓሉ የምትወጣ ሴት፣ በበዓሉ ማግሥት ከሱቅ የምትገዛውን ሸሚዝ ማን፣ በምን ደመወዝና በምን ዓይነት ጣሪያ ሥር እንደሰፋው ብትጠይቅ፣ የቪክቶሪያን ዘመን በእርግጥ ተምራበታለች።