ሰው በማያየው ነገር ይጠየቃልን?

ሰው በዐይኑ አይቶ በእጁ ባደረሰው ጥፋት መጠየቁ ተገቢ መሆኑን ሁሉም ያምናል። የጎረቤቱን ማሳ በከብት ያስበላ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ ይክሳል። ነገር ግን ጥፋቱ የማይታይ፥ ተበዳዩም ገና ያልተወለደ ሲሆን ከሳሹ ማን ነው? ተከሳሹስ ማን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የማነሣው ለክርክር ያህል አይደለም፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው እንጂ።

ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ሐኪሞች ለማደንዘዣ ስለሚጠቀሙበት ስሙ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ረገድ፥ በመቶ ዓመት ሲታሰብ፥ ከ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋራ ይመዛዘናል። አንድ ጊዜ ከወጣም መቶ ዓመት ያህል በአየር ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ላይ ወጥቶም ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን ያሳሳል። በሰው ሥራ ምክንያት ከሚወጣው ውስጥ አብዛኛው የሚመነጨው ከእርሻ፥ ይኸውም ከማዳበሪያና ከፍግ ነው። ሰብሉ ሳይበላው የቀረውን ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲለዋውጡት፥ ይልቁንም ውሃ በተኛበት ማሳ አየር ሲያጥራቸው፥ ከፊሉ ይህ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ሊቃውንት በአማካይ ከመቶ አንድ እጁ እንዲህ ሆኖ ይወጣል ብለው ይገምታሉ። ሒሳቡ ቢሠራ፥ ከአንዱ ኩንታል የሚወጣው ጋዝ 200 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ያሞቃል።

ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ የሀብሩን ሜዳ ያያል፤ ጤፍና ማሽላውን፥ በመስኖ ዳር ያለውን ሽንኩርትና ፍራፍሬ ያደንቃል። ይሁን እንጂ ይህ አገር በ1966 እና በ1977 ዓ. ም. በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደውን ረኃብ አልረሳም። ስለዚህ ማዳበሪያ ሲመጣ የመጣው እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወዳጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመርሳ አቅራቢያ አንድ አረጋዊ ገበሬ ማዳበሪያ እንዲወስዱ ሳግባባቸው፥

«ልጄ፥ መውሰዱን እወስዳለሁ። ዳሩ ግን ከዚህ ውስጥ ሽንኩርቴ የሚበላው ስንቱን ነው? የተረፈውስ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አባቴ፥ እሱን አላውቅም። እኔ የታዘዝሁት የተወሰደውን ኩንታል መዝግቤ እንዳቀርብ ነው» አልኋቸው።

ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያስ የምትቆጥረው የምከፍለውን እንጂ የማመርተውን አይደለም» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሪፖርቴን ጻፍሁ። የተሠራጨው ኩንታል ከዕቅዱ ስለ በለጠ ተመሰገንሁ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አገራችን በ2004 ዓ. ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የመገንባት ስልቷን ለዓለም አስታወቀች። በ2013 ዓ. ም. ባቀረበችው ዕቅድም፥ እ. ኤ. አ. በ2030 ሊደርስ ይችላል ተብሎ ከተገመተው ልቀት 68.8 ከመቶውን ለመቀነስ ቃል ገባች፤ ከዚህም 14 ከመቶው በራስ ዐቅም፥ 54.8 ከመቶው በውጭ ድጋፍ የሚፈጸም ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድም በዕቅዱ ከተቆጠሩት ጋዞች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንደኛው፥ «ረኃብ ያየ ገበሬ ስለ ሰማይ ሙቀት ማዳበሪያ ይቀንስ ማለት ግፍ ነው፤ በብዛት የሚያወጡት እንደ ቻይና፥ እንደ ህንድና እንደ አሜሪካ ያሉት አገሮች ናቸው» ይላል። ሁለተኛው፥ «ጥቂት ጥፋትም ጥፋት ነው፤ የሌላው ብዛት የእኛን አያነጻም» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚከራከሩት ስንት ይደረግ በሚለው ነው፤ የአረጋዊውን ጥያቄ ግን የጠየቀ የለም። በዓለም ላይ በማሳ ከሚጨመረው ናይትሮጅን ሰብል ሆኖ የሚመለሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በውሃ ይታጠባል፥ በአየር ይበናል። እንግዲህ ገበሬውን ያከሰረውና ያልተወለደውን ሕፃን የሚጎዳው ያው አንዱ ብክነት ነው። ከምንበላው ከመቀነሳችን በፊት ከምናባክነው መቀነስ ይገባናል።

መንገዱም ሩቅ አይደለም። ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ሰብሉ በሚፈልግበት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት፥ አፈር ማልበስ፥ ማሳውን በውሃ አለማጥለቅለቅ፥ ናይትሮጅንን ከአየር የሚስቡትን ባቄላን፥ ሽምብራንና ማሾን ማፈራረቅ ይቻላል። ኩበት ከምድጃ ይልቅ ለማሳ ቢውል መልካም ነው። ነገር ግን ለእናቲቱ ሌላ ማገዶ ሳናዘጋጅ «ኩበት አታንድጂ» ማለት ምክር ሳይሆን ቅጣት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ሰው በማያየው ነገር የሚጠየቀው በዕውቀቱና በሥልጣኑ መጠን ነው። ለገበሬው ማንም ስላልነገረው ዕዳው ጥቂት ነው። ባለ ጠጋ አገሮች ዐውቀውም ችለውም ከተዉት ዕዳቸው ታላቅ ነው። በመካከል ያለነው፥ ዕቅድ የምንጽፍና ቁጥር የምንሰበስብ፥ «ታዝዤ ነው» ብለን ከሁለቱም ወገን ልንሸሽ እንወዳለን። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተጠየቅን በኋላ አለማወቃችን ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

እኔም ከዚያ ወዲህ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ። በአንደኛው ዓምድ ገበሬው የወሰደውን ኩንታል፥ በሁለተኛው ከማሳው ያገኘውን ምርት እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ዓምድ የጠየቀኝ አለቃ እስካሁን የለም። ሆኖም ያ አረጋዊ አንድ ቀን መልሰው ቢጠይቁኝ፥ «አላውቅም» እንዳልላቸው መሙላቴን አልተውሁም።