ቤትን ስለ መጠበቅ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ዳግም ምጽአቱ ባስተማረ ጊዜ የቤትን ጌታና ሌባን ምሳሌ አድርጎ አነሣ። (ማቴ. 24፥43) ባለቤቱ ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ነቅቶ ይጠብቅ እንደ ነበር አስረዳ። ምሳሌው የተነገረ ስለ ነፍስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቤትን ተግቶ መጠበቅ ለአባወራ የሚገባ ሥራ ባይሆን ኖሮ ምሳሌ ሊሆን ባልቻለም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤታችን ደጃፍ ጥቂት እንነጋገራለን።

አንዳንድ ሰዎች «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» እያሉ መዝጊያቸውን ሳይቀረቅሩ ያድራሉ። ነቢዩ ዳዊት በ126ኛው መዝሙር፣ ከተማን እግዚአብሔር ካልጠበቀ የጠባቂው ድካም ከንቱ መሆኑን አስተማረ እንጂ ጠባቂው ይተኛ አላለም። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላት በዛተበት ጊዜ ወደ አምላኩ ጸለየ፤ ጸልዮም አልተቀመጠም፤ ሌሊትና ቀን የሚጠብቅ ዘብ አቆመ። (ነህ. 4፥9) ቅጥሩም ከተፈጸመ በኋላ ፀሐይ ሳይሞቅ በሮቹ እንዳይከፈቱ አዘዘ። (ነህ. 7፥3) እንግዲህ ጸሎት መቀርቀሪያን አይሽርም፤ መቀርቀሪያም ጸሎትን አይተካም።

ይህን የምጽፈው ለሌላው ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ማኅሌት ቆሜ ባደርሁበት ሌሊት ሌባ ወደ ቤቴ ገባ። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ ወር አልፎት ነበር፤ እኔም «ነገ አሠራዋለሁ» እያልሁ አቆይቼው ነበር። ባለቤቴና ልጆቼ ተኝተው ሳሉ ሌባው አንድ ጋቢና ሁለት የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰው አልተነካም። ነገር ግን በማግሥቱ ከሌባው የባሰ በደል የሠራሁ እኔ ነኝ። ያለ ምስክር በቤታችን ያደገችውን ሠራተኛ ጠርጥሬ በቁጣ አሰናበትኋት። መጻሕፍቱ በሌላ ሰው እጅ በተገኙ ጊዜ ንጽሕናዋ ታወቀ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይቅርም አለችኝ፤ ወደ ቤታችን ግን አልተመለሰችም። ጋቢው ተረስቷል፤ እንባዋ ግን እስከ ዛሬ አልተረሳኝም።

በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበረ ሽማግሎች ያውቃሉ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና እርሱ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ያ ልማድ ቀርቷል፤ ያለ ማስረጃ የሚጠረጥር ልብ ግን አልቀረም። ዕቃ ጠፋኝ ብሎ ወደ ጠንቋይ የሚሄድም ሰው፣ ሌባው ገንዘቡን ቢወስድበት፣ ሃይማኖቱን ራሱ አሳልፎ ሰጠ።

ሌባውም ቢሆን ነፍስ ያለው ሰው ነው። ኦሪት ሌሊት ቤት ሲቆፍር ተመትቶ የሞተውን፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከተገደለው ለይታ ለኋለኛው ደሙን ትጠይቃለች። (ዘፀ. 22፥2-3) ጨለማ ሳለ ባለቤቱ የመጣበትን አያውቅምና፤ ከነጋ ግን ይዞ ለዳኛ ማቅረብ ይችላልና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 78፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለና መከላከሉ ከመጠን ካላለፈ፣ ራስን ወይም ሌላውን መከላከል እንደማያስቀጣ ደንግጓል። የተያዘውን ሌባ ከብቦ መደብደብ ግን በቀል እንጂ መከላከል አይደለም።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ የተሰበረውን መቀርቀሪያ ለነገ አታቆዩት። በቤታችሁ ያለውን ገንዘብ በየሰዉ ፊት አታውሩ፤ ልጆቻችሁም እንዳያወሩ ምከሩ። የዘበኛውን ደመወዝ በቀኑ ክፈሉ፤ የተራበ ዘበኛ እንዴት ይተጋል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና ከጎረቤት ጋር ታርቃችሁ ኑሩ፤ የተጣላ ጎረቤት የሌሊት ጩኸታችሁን ሰምቶ ዝም ሊል ይችላልና። የተሰረቀ ዕቃ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ፤ የሚገዛ ባይኖር የሚሰርቅ ባነሰ ነበር። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ቤተ ሰባችሁን ሰብስባችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ያለ ፍርሃት ተኙ።

እርሱ የማያንቀላፋ ጠባቂ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይጠብቅ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።