«እህቴ» ያለ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

በጂማ ከተማ ከቦሳ አዲስ ተነስቶ ሒርማታ መርካቶ እስኪደርስ አንድ ሰው ስንት ዘመድ ያፈራል? የባጃጁ ሾፌር «ወንድሜ፣ ጠጋ በልላት» ይለዋል። በርበሬ የምትሸጠው እናት «ልጄ፣ ና ከኔ ውሰድ» ትለዋለች። ሌላው በአፋን ኦሮሞ «ኦቦሌሳ ኮ» ብሎ መንገድ ይጠይቀዋል። ጺሙ ረዘም ካለ ደግሞ መካን ያላየውን ሰው «ሐጂ» ብሎ የሚሾመው አይጠፋም። ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም ስሙን አያውቁትም። እንዲህ ያለው አጠራር ከሀብቶቻችን አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም።

ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ ልማድ ላይ ቅሬታ በርክቷል። የጀበና ቡና የምታፈላው ወጣት ደንበኛው ሁሉ «የኔ ቆንጆ»፣ «ሆዴ» እያለ ሲጠራት ፊቷ ይጠቁራል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ታክሲ ውስጥ «ማዘር» ስትባል ትከፋለች። ሒጃብ የለበሰችን ሁሉ «ፋጡማ» ብሎ የሚጠራ ሰው ነገሩን እንደ ቀረቤታ ይቆጥረው ይሆናል፤ የተጠራችው ግን የራሷ ስም እንደሌላት ያህል ይሰማታል። ይህን የሚሰሙ ታላላቆች ደግሞ «የዛሬ ልጅ ምን ነካው? በኛ ጊዜ በፍቅር ቃል የሚቀየም አልነበረም» ይላሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ቃል ማስቀየም አለማስቀየሙን የሚወስነው የተናጋሪው ኒያ ነው ወይስ የሰሚው ልብ?

በቅድሚያ ዲናችን ለባዕድ የሚነገርን የፍቅር ቃል እንደማይጠላ ማወቅ ይገባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አነስ ኢብን ማሊክን የሥጋ ልጃቸው ሳይሆን «ልጄ» ብለው ጠርተውታል። የአነስን ታናሽ ወንድም፣ ገና ሕፃን ሳለ፣ እንደ ትልቅ ሰው «አባ ዑመይር» እያሉ ያጫውቱት ነበር። ስለዚህ በሰው ፊት መኮሳተርን የዲን ምልክት አድርጎ የሚያይ ሰው ማስረጃ አያገኝም።

በአንጻሩ ቁርኣን በአፍ የሚነገር ዝምድና ሕግን እንደማይለውጥ በሱረቱል አሕዛብ አስተምሮናል። ማደጎን «ልጄ» ማለት የአብራክ ልጅ አያደርገውም። ባዕድ ወንድም ባዕዲቱን ሴት «እህቴ» ስላለ መሕረም አይሆናትም። ታዲያ ቃሉ ዝምድናን ካላመጣ ምን ያመጣል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው የሚያመጣው ዕዳን ነው። «እህቴ» ያለ ሰው እንደ እህቱ ሊያያት ቃል ገብቷል። «አባቴ» ያለም የአባትን ሐቅ ተሸክሟል። የዝምድና ስም አማና ነው።

ለቡና አገር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። በጎማ፣ በማና ወይም በሊሙ አንድ ገበሬ እሸት ቡናውን ወይም ጀንፈሉን ተሸክሞ ሲመጣ ሰብሳቢው «አባቴ፣ እረፍ፣ ውሃ ጠጣ» ብሎ ይቀበለዋል። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ «አባቴ» የሚለው ቃል እውነት ነው። ሚዛኑ ላይ እጁን ካሳረፈ ግን ያው ቃል ማታለያ ሆነ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የጎደለው ዕዳው ነው። በሱረቱል ሙጠፊፊን የተወገዘውን ሥራ ለስላሳ አንደበት አያጥበውም። የጀበና ቡናዋ ወጣትም ብዙውን ጊዜ የምትከፋው በቃሉ ብቻ አይደለም። «የኔ ቆንጆ» የሚላት ሰው በወንድም ዓይን እንደማያያት ስለምታውቅ ነው፤ ደግሞም መልስ ብትሰጠው ደንበኛ ታጣለች።

ለመሆኑ «በኛ ጊዜ የሚቀየም አልነበረም» የሚለው አባባል እውነት ነው? ሒርማታ በ19ኛው መቶ ዘመን ቡና ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበር። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ የእነዚያን ሰዎች ልጆች በአያቶቻቸው የባርነት ስም «በቀልድ» መጥራት አልቀረም። የተጠራው ሰው ሲስቅ ስለታየ አልተቀየመም ተባለ። በቡና መጋዘን ለቀማ የሚውሉ እናቶችም በልጆቻቸው ዕድሜ ባለ ተቆጣጣሪ «አንቺ» ሲባሉ ዝም ይላሉ፤ ዝም የሚሉት የዕለት እንጀራቸው በእጁ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዛሬ የበዛው ቅያሜ ሁሉ አዲስ የተፈጠረ አይደለም። ከፊሉ ትናንት አፍ ያልነበረው ቅያሜ ነው።

አጠራርን በትእዛዝ መለወጥም ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። በግብፅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 «ፓሻ» እና «ቤይ» የሚሉት ማዕረጎች ተሻሩ፤ በካይሮ ጎዳና ግን «ያ ባሻ» ዛሬም ይሰማል። በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጌታዬ» እና «እሜቴ» ተነቅፈው «ጓድ» ነገሠ። ጓድ ማለት እኩያ፣ የትግል ባልንጀራ ማለት ነበር። ሆኖም በቀይ ሽብር ዘመን ጓድ ጓዱን ሲያስገድል ታየ፤ ቃሉም ከሥርዓቱ ጋር በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ቃሉ ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ የወንድማማችነት ዕዳውን የከፈለለት አልተገኘም እንጂ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሥራ በኒያ እንደሚመዘን የታወቀ ሐዲስ አለን። ነገር ግን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 104 የሆነውን እናስተውል። ሙእሚኖች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) «ራዒና» ይሏቸው ነበር፤ ጠብቁን፣ አስተውሉልን ለማለት ነው። ኒያቸው ንጹሕ ነበር። ሆኖም ክፉ የሚመኙ ሰዎች ቃሉን እያጣመሙ ለስድብ ስለተጠቀሙበት አላህ (ሱ.ወ) ሙእሚኖቹን ቃሉን ትተው «ኡንዙርና» እንዲሉ አዘዛቸው። ከዚህ የምንረዳው ንጹሕ ኒያ ተናጋሪውን ከወንጀል ቢያድነውም ቃሉን ከመለወጥ ግን ነፃ እንደማያደርገው ነው። ባልንጀራህ «ይህ ስም ያመኛል» ካለህ፣ «እኔ በክፉ አላልኩም» ማለት በቂ መልስ አይደለም። ሌላ ቃል መፈለግ ምን ይከብዳል?

ሰሚውም የራሱ ግዴታ አለበት። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ከከለከለ በኋላ ወዲያው ጥርጣሬን ከማብዛት ያስጠነቅቃል። በርበሬ ሻጯ «ሆዴ» ስትል የምትሰጠው የእናት አንጀቷን ነው። ያንን ቃል ከሥራ አስኪያጅ የማያቋርጥ «ሆዴ» ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ሲከለክል፣ ይህ ድርጊት በንግግርም ሊፈጸም እንደሚችል አስቀምጧል። የገበያን ደግነት ግን ወንጀል አላደረገም። እኛም ልዩነቱን እንወቅ። በስህተት ለተናገረ በለሰለሰ ቃል መንገር፣ ለደፋር ደግሞ ድንበሩን ማሳየት ይገባል።

ወንድሞችና እህቶች! ሰው ሁሉ እየተፈራራ ስምም ሳይጠራ፣ ዝምድናም ሳያነሳ የሚተላለፍባት ከተማ እንድትሆንብን አንሻም። «ወንድሜ»፣ «እህቴ»፣ «እናቴ» ይኑሩልን። የምንጠራው ሰው «አይ፣ እንዲህ አትበለኝ» ለማለት እንዳይፈራን አድርገን እንጥራው፤ ሲለንም እንስማው። ሚዛኑን ሳናዛባ፣ ዓይናችንን ሰብረን፣ የባጃጁን ሒሳብ ሳንጨምር «እህቴ» ካልን ቃላችን ሰደቃ ይሆንልናል፤ አለዚያ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ወላሁ አዕለም።