ስለ ቡዳ በር

ሐረርን ከሚከብበው ከጀጎል ግንብ ጥንታውያን አምስት በሮች አንዱን ሐረሪው በቋንቋው በድሮ በሪ ይለዋል፤ በአማርኛ ግን ቡዳ በር ይባላል። ቡዳ ማን ነው ቢሉ፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊትም ጅብ ሆኖ ይዞራል የሚባል ሰው ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በቀጥቃጩ፣ በጠይቡና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው።

አንዳንዶች ለዚህ ከመጽሐፍ ምስክር ይጠቅሳሉ። ብረት የቀጠቀጠው ቶቤል የቃየል ዘር ነውና (ዘፍ. 4፥22) ርግማኑ ከሠራተኛው እጅ አልወረደም ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች እግዚአብሔር በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ መንፈሱን የመላበትን ባስልኤልን (ዘጸ. 31፥3) ያልፉታል። ደግሞስ የቃየል ዘር በጥፋት ውኃ አልቆ የለምን? ከዚያ ወዲህ ያለ ቀጥቃጭ ሁሉ የኖኅ ልጅ ነው። ጽናጽሉን ማን እንደ ሠራውም በማኅሌት የቆመ ሁሉ ያውቃል።

በጎንደር በኩል ይህ ስም በቤተ እስራኤል ላይ ተጥሎ ኖረ፤ እነርሱም ርስት አጥተው በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። የሃይማኖት ነገር ነው እንዳይባል፣ በሸዋ ክርስቲያኑ ጠይብ እንኳ ከስሙ አላመለጠም።

የሐረር ነገር ይህን ይበልጥ ያስረዳል። በግንቡ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራም ለጅቦቹ ገንፎ ይቀርባል፤ ሐረሪው ጅብ ጂኒን ይበላል ብሎ ያምናልና። ደገኛው ግን በዚያው አውሬ ውስጥ ቡዳውን ያያል። አውሬው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት! እንግዲህ ፍርዱ ከአውሬው የወጣ ሳይሆን አስቀድሞ በተመልካቹ ልብ የነበረ ነው።

ስድቡን እንደ ቅኔ ቢፈቱት ሰሙ ዓይን፣ ወርቁ ዋጋ ነው። ማረሻውን የሚያወጣ እጅ ማረሻው የሚያርሰው መሬት የለውም። ያለ እርሱ ማረስ አይቻልም፤ ከእርሱ ጋር መጋባት ግን አይወደድም። ሰው የሚያስፈልገውን ሰው ይህን ያህል ሲያርቅ ምክንያት ይሻል፤ «ይበላኛል» የሚለው ቃል የተገኘው፣ በእውነት የማን ድካም በማን እንደሚበላ እንዳይጠየቅ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገርም አይሁድ መሬት እንዳይዙ ከተከለከሉ በኋላ፣ በአራጣ ቢኖሩ አራጣ በሉ ተብለው ተነቀፉ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ ርስት አያካፍልም፣ በሰርግ ማዕድም አያስቀምጥም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ እንግዳ ወደ ከተማው ይመጣል፤ የበሩን ስም በአማርኛ ለሚጠይቅም እስከ ዛሬ ቡዳ በር ተብሎ ይነገረዋል።